እናቴና ሁለቱ ጭረቶች

እናቴ ማውስ አትይዝም። እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ማውሱን ስትነካው ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ትራወጣለች፤ አንዱን ልትከፍት ስትል ሌላውን ትዘጋለች። ሻይ እንኳ ከግማሽ ብርጭቆ በላይ አይቀዳላትም። ጣቶቿ ኪቦርድ ላይ ካረፉ በኋላ ግን ቀጥ ይላሉ። ሐኪሙ ምክንያቱን ሊያስረዳኝ ሞክሮ ነበር፣ እኔ ግን ከመሃል ማዳመጤን ተውኩ። ዕድሜዋን ሙሉ በጣቶቿ ሠርታ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ ጣቶቿ ቤታቸውን ቢያውቁ ምን ይገርማል?

ጽሕፈት ቤታችን ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ወፈር ያለ ደንበኛ ከመጣ እኔ መውጣት አለብኝ። ፎቶ ኮፒው በመስኮቱ በኩል ነው፣ እሱ የኔ ነው። የእናቴ ጠረጴዛ ከግድግዳው ተጠግቷል፤ ስክሪኑ የሚታየው ለእሷና አጠገቧ ለተቀመጠው ባለጉዳይ ብቻ ነው። እንዲያ አድርጋ ያስቀመጠችው ራሷ ናት፣ እኔ ስጠርግ አንድ ስንዝር ካንቀሳቀስኩት ትቆጣለች። ከበሩ ውጭ ተራ ለሚጠብቁ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሰው ሁሉ «እትዬ ጸሐፊ» ይላታል፤ የመታወቂያ ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ድሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ጸሐፊ ነበረች። ማን እንደተቀጣ፣ ማን እንደተዛወረ፣ የማን ሚስት የባሏ ደመወዝ እንዲቆረጥላት እንደከሰሰች ከሁሉ በፊት የሚያውቁት የእናቴ ጣቶች ነበሩ። በጽሕፈት መኪና ሲጻፍ ለግልባጩ በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን ይገባል። ያን ካርቦን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየ ሰው ደብዳቤውን እንዳለ ያነበዋል። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ያገለገለ ካርቦን ቅርጫት ውስጥ ጥለው ይሄዱ ነበር። እናቴ ግን ግቢው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሳታቃጥለው ወደ ቤት አትመጣም። «ዛሬ ደግሞ ማንን አቃጠልሽ?» እያሉ ይቀልዱባት እንደነበር እየሳቀች ትነግረናለች። አንድ ቀን የክፍል ኃላፊዋ የባልደረባውን ጉዳይ ሊያወጣጣት ቢሞክር፣ «እኔ አላነበብኩትም፣ የጻፈው ጣቴ ነው» ብላው ወጣች። ይህን ስታወራ አገጯ ትንሽ ከፍ ይላል። ኩራቷን አትደብቅም፤ እኔም አልደብቅላትም።

ጡረታ ስትወጣ ያቺን ክፍል ተከራየች። ባለጉዳይ እየነገራት፣ እሷ እየጻፈች፣ እኔ እያባዛሁ ደህና ኖርን። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ከእንግዲህ ማመልከቻ በወረቀት አልቀበልም አለ። ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ሆነ፤ ገጹን መክፈት፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ መሙላት፣ መላክ። በዚያው ሰሞን ነው የእናቴ እጅ የታመመው። እኔ ሆደ ሰፊ አይደለሁም፤ ነገር ሲደራረብብኝ ቶሎ ተስፋ እቆርጣለሁ። «ይበቃሻል፣ እንዝጋውና እኔ ጋ ኑሪ» አልኳት። እሷ ግን መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ደረጃውን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

ከኛ በላይ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ጠጋኙ እንለዋለን። ረጋ ያለ ነው፤ እንዲያውም ከመርጋቱ የተነሳ ለእያንዳንዱ ቃል ገንዘብ የሚከፍል ይመስላል። እናቴ ያለ ማውስ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚከፈት ስትጠይቀው ኮምፒውተሯ ላይ ጥቁር መስኮት ከፈተላት። መስኮቱ ውስጥ ሥዕል የለም፣ የሚነካ ነገር የለም፤ የሚጻፍበት አንድ መስመር ብቻ ነው። መጀመሪያ የብሮውዘሩ ስም ይጻፋል፣ ማለት ኢንተርኔቱን የሚያሳየው ፕሮግራም ስም። ቀጥሎ ሁለት ጭረት፣ ከጭረቶቹ ጋር ተያይዞ የሚፈለገው ነገር። ሌላም የሚፈለግ ካለ እንደገና ሁለት ጭረትና እሱ። መጨረሻ ላይ የገጹ አድራሻ ይገባል። ኢንተር የሚባለው ቁልፍ ሲመታ ብሮውዘሩ እንደታዘዘው ሆኖ ይነሳል።

እናቴ አየችው፣ አየችውና «ታዲያ ይሄ ደብዳቤ አይደለም እንዴ?» አለች። ለማን እንደሚጻፍ አናቱ ላይ፣ የተፈለገው ጉዳይ መሃል ላይ፣ አድራሻ መጨረሻ ላይ። ጠጋኙ ጥቂት አሰበና ደብዳቤ ነው ብሎ ፈረደ።

ግን የመጀመሪያውን ሳምንት በጠብ ነው ያሳለፈችው። ጽሕፈት ስትማር አንዲት ኮስታራ መምህርት ከጭረት በኋላ ስፔስ መተው እንደሚገባ በማስመሪያ ጣቷን እየመታች አስተምራታለች። ስለዚህ ሁለቱን ጭረት ትመታና፣ ስፔስ ትተውና፣ ቃሉን ትጽፋለች። ብሮውዘሩ ደግሞ ስፔሱን ሲያይ የተነጠለውን ቃል ትእዛዝ ሳይሆን የገጽ አድራሻ አድርጎ ይወስደዋል፤ ሄዶ ይፈልገውና እንዲህ ያለ ገጽ አላገኘሁም ብሎ ይመለሳል። «ማን ፈልግ አለህ?» ትለዋለች። እኔ ከፎቶ ኮፒው ጀርባ አፌን ይዤ እስቃለሁ። በመጨረሻ ጣቶቿ የመምህርቷን ማስመሪያ ረሱ፤ ይህን ያህል ዓመት ይዘውት ለኖሩ ጣቶች ቀላል አልነበረም።

የትእዛዞቹ ቃላት የባዕድ አገር ስለሆኑ ለየራሳቸው ስም አወጣችላቸው። «ሙሉ» ያለችው ገጹን ስክሪኑን ሞልቶ እንዲከፈት ያደርገዋል፤ ዳር ላይ የሚያደናግር ነገር አይቀርም። «ጎላ» ፊደሉን ያጎላል፤ እሷም ታነባለች፣ መነጽሩን ቤቱ ረስቶ የመጣ ሽማግሌም ያነባል። ከሳጥን ወደ ሳጥን የምታልፈው ታብ በምትባለው ቁልፍ ነው፤ እሷን ደግሞ ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ጀምሮ ታውቃታለች። ከሁሉ ልቧን የወሰደው ግን «እንግዳ» ነው። እንግዳ ተብሎ የተከፈተ ብሮውዘር የተጻፈበትን አያስታውስም፤ ሲዘጋ የሞሉትም ያዩትም አብሮ ይጠፋል።

«ካርቦን የለውም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው ጠጋኙን።

የለውም አላት። ያን ዕለት ቤት እስክንገባ ድረስ ስታንጎራጉር ነበር።

ጠጋኙ መስመሩን በየጊዜው መጻፍ ያደክማል ብሎ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ አድርጌ ላስቀምጥልሽ ቢላት አልፈልግም አለች። ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ መስመሩን እንደ አዲስ ትጽፋለች፤ ሙሉ፣ ጎላ፣ እንግዳ፣ አድራሻ። ባለጉዳዩ አጠገቧ ተቀምጦ ጣቶቿን ያያል። ትናንት ሻይ ስታፈስ ያያት ሰው ያን ፍጥነት ሲያይ ዐይኑን ከጣቶቿ አይነቅልም። እኔ ደግሞ እንዲያ ሲያይ ደስ ይለኛል። ሰው እየሰማ መጣ፤ ከሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ይልቅ ለሰው መናገር የሚያስጨንቀው ጉዳይ ያለው ሁሉ ወደኛ ይመጣ ጀመር።

ከነዚህ አንዷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ግቢ፣ ወደ መንገድ በሚከፈት ኮሪደር ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች። ግቢው የሟች ባሏ ወንድም፣ የዋርሳዋ ነው። ሰውየው የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ድምፁ ከመዶሻው ይብሳል። ባሏ ከሞተ ጀምሮ «የወንድሜ እህል እስካለ ብዪ» ሲላት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ዕቃዋን ሊያወጣው ሲዝት ትኖራለች። ማዘጋጃ ቤቱ ለባለሙያ ሴቶች ከኋላው ማደሪያ ያለው የሥራ ክፍል መስጠት ሲጀምር ልታመለክት መጣች። ዋርሳዋ ገና እንዳመለከተች ቢሰማ ክፍሉ ሳይደርሳት መኪናዋ መንገድ ላይ እንደሚወረወር እሷም ታውቃለች፣ እኛም አውቀናል። እናቴ ሞላችላትና ላከችላት። ልብስ ሰፊዋ ስትወጣ ግራ ቀኝ አይታ ነው መንገዱን የተሻገረችው።

ሳይቆይ ዋርሳዋ ራሱ መጣ። ግቢው ውስጥ መጋዘን ለመሥራት ፈቃድ ፈልጎ ነው፤ ገጹ ያው የማዘጋጃ ቤቱ ገጽ ነው። እናቴ መስመሯን ጻፈች፣ ገጹ ስክሪኑን ሞልቶ ተከፈተ። የቤት ቁጥር ጠየቀችው። ቁጥሩን ነግሯት ካርታውን ከቦርሳው ለማውጣት ጎንበስ አለ። እናቴ የቁጥሩን መጀመሪያ እንደመታች ከሳጥኑ ሥር አንድ መስመር ብቅ አለ፤ ያው የቤት ቁጥር፣ ከፊቱ የልብስ ሰፊዋ ሙሉ ስም፣ ከኋላው የስልክ ቁጥሯ። ብሮውዘሩ ሊያግዛት ነው፤ ከዚህ በፊት ይህን ሞልተሽ ነበርና ልሙላልሽ ይላል።

እናቴ ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ነቀለችው።

ሰውየው ቀና ሲል ስክሪኑ ጠቁሯል። «መብራት ሄደ?» አለ። የኔ ፎቶ ኮፒ አጠገቡ ያጉረመርማል። ባያጉረመርምም እናቴ አትዋሽም ነበር።

«መብራቱስ አለ፤ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለችው። «አንድ የተሳሳትኩት ነገር አለ። እሱን ሳላስተካክል የእርስዎን አልጽፍም። ነገ ይምጡ።»

ጊዜውን እንዳባከነችበት እያጉተመተመ ካርታውን ጠቅልሎ ሄደ። እናቴ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጠጋኙን ጥሪው አለችኝ።

ጠጋኙ ወርዶ ሶኬቱን ሰክቶ ነገሩን ሲመረምር ብዙም አልፈጀበትም። ሌላ የተከፈተ ብሮውዘር ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ነበር። ጋዜጣ አዟሪው ሰፈራችንን ከተወ ወዲህ እናቴ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣዋን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ጀምራለች። ሙሉ ትላለች፣ ጎላ ትላለች፣ ለጋዜጣ እንግዳ ምን ያደርጋል ብላ እሱን ትተዋለች። አንብባ ስታበቃ አትዘጋውም፤ ደንበኛ ሳይኖር መለስ እያለች ታየዋለች። ጠጋኙ እንዳስረዳን፣ አስቀድሞ የተነሳ ብሮውዘር ካለ አዲሱን መስመር ሲቀበል አድራሻውን ብቻ ይወስድና የቀረውን ትእዛዝ ሳያየው ያልፋል። ገጹ የሚከፈተው በጋዜጣው ብሮውዘር ውስጥ ነው። ሙሉም ጎላም ስለሆነ መልኩ ያው ነው፤ እንግዳው ግን ቀርቷል። ጋዜጣ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ የጻፈችው የሰው ጉዳይ ሁሉ ተቀምጧል።

«ታዲያ ትእዛዜን እንዳልፈጸመ ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«አይናገርም» አለ ጠጋኙ።

«እኔ እናገራለሁ» አለችና ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

የት እንደምትሄድ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። የተቀመጠውን ጠጋኙ እዚያው አጥፍቶታል። ሰውየው አላየም። የሚያውቅ የለም፣ የተጎዳ የለም። ታዲያ ሄዶ የልብስ ሰፊዋን ልብ ማሸበር ምን ይባላል? ደንበኞቻችን ይህን ሲሰሙ ማን ይመጣል? ይህን ሁሉ በሩን ዘግቼ ነገርኳት፤ ድምፄንም ዝቅ አላደረግኩም።

«ነገርሽ ሁሉ ልክ ነው» አለችኝ። «ግን የሷ ጉዳይ ነው። እኔ ጋ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። የሰው ጉዳይ አስቀምጬ ባለቤቱ ሳያውቅ መኖር አልችልበትም።»

በሩን ከፈትኩላት። መንገዱን ብቻዋን እንዳትሻገር ብዬ ተከተልኳት እንጂ ተስማምቼ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ የሕፃን ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ዋርሳዋ መደብሩ ነው። እናቴ ምንም ሳታሳምር፣ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ ሳትለድፍ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ላይ አላነሳችም፤ መኪናው ያለ ክር ዝም ብሎ ይወጋል።

«አይቷል?» አለች።

«አላየም።»

«እርግጠኛ ነዎት እትዬ?»

«በዐይኑ እርግጠኛ ነኝ፤ ጎንብሶ ነበር። በማሽኑ ግን እርግጠኛ ነኝ ብዬ ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ልብስ ሰፊዋ መኪናውን አቆመችው። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣችና ከእንግዲህ ጉዳይዋን ሌላ ቦታ እንደምታስጨርስ በዝግታ ነገረቻት። እናቴ መብቷ መሆኑን ነገረቻትና ይቅርታ ጠይቃት ተመለስን። መንገዱን ስንሻገር ክንዷን ያዝኳት። እንደወትሮው አላስለቀቀችኝም።

በዚያ ቢበቃት ጥሩ ነበር። እሷ ግን በጋዜጣው ሰሞን የጻፈችላቸውን ሁሉ እያስታወሰች፣ አንዱን በስልክ አንዱን በአካል፣ ነገረቻቸው። አንዳንዱ ምን እንደምትለው አልገባውም፤ አመስግኖ ሄደ። አንዳንዱ ግን ተቆጣ። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ «ሥራሽን የምታውቂ መስሎኝ ነበር» ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። አግዳሚው ወንበር ባዶውን መዋል ጀመረ። እኔም ምን እንዳልኩ ለማስታወስ አልፈልግም፤ ያልኩትን ሁሉ ግን እየሰማች ሥራዋን ቀጠለች።

ሥራዋ ምን ነበር? ጠጋኙን አስቀምጣ አዲስ ትእዛዝ መማር። ይህኛውን «መሳቢያ» አለችው። መስመሩ ውስጥ ሁለት ጭረትና መሳቢያ ብላ አዲስ የፎልደር ስም ስትጽፍ ብሮውዘሩ የሚያስቀምጠውን ነገር ሁሉ እዚያ ፎልደር ውስጥ ብቻ ያስቀምጣል። ሌላ የተከፈተ ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም፤ የራሱ መሳቢያ ያለው ብሮውዘር ራሱን ችሎ ይነሳል። ባለጉዳዩ ሲጨርስ ይዘጋል፣ ከዚያ በሌላ መስመር ፎልደሩ እንዳለ ይሰረዛል። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሳቢያ። በዚህ ብቻ አላበቃም፤ ደንበኛው ከመነሳቱ በፊት እንደገና ትከፍተውና የመጀመሪያዋን ፊደል መትታ ምንም ብቅ እንደማይል ታሳየዋለች። ማመን አይበቃም፣ አይተህ ሂድ ትላለች። ዋርሳዋም በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ የመጋዘኑን ማመልከቻ በአዲስ መሳቢያ ጻፈችለት። ጋዜጣውን ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አስወጣችው፤ ጠዋት ፎቶ ኮፒው እስኪሞቅ ድረስ እኔ ከስልኬ ላይ አነብላታለሁ። ዜናውን ስጨርስ አንድ ጊዜ ልድገመው ወይ እላታለሁ፣ ድገሚው ትለኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶ ኮፒው ውስጥ ወረቀት ልጨምር ጎንበስ ብዬ ሳለ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ልብስ ሰፊዋ ናት። መቀስ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ ሮጣ የመጣች ትመስላለች። ከማዘጋጃ ቤቱ በስልኳ መልእክት ደርሷታል፤ ክፍሉ ተፈቅዶላታል፣ ግን ዛሬውኑ ገጹ ላይ ገብታ መቀበሏን ካላረጋገጠች ለሌላ ይሰጣል።

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። ልብስ ሰፊዋ ግን ወዲያው አልተቀመጠችም።

«ሌሎቹ ጋ ሄጄ ነበር» አለች። «ከዚህ እስከ አደባባዩ ያሉትን ሁሉ ጠይቄያለሁ። የጻፍኩት እናንተ ጋ ይቀራል ወይ ስላቸው ሁሉም ምንም አይቀርም ይሉኛል፤ ከዚህ በፊት ቀርቶ ያውቃል ወይ ስላቸው ይስቁብኛል። የጻፍኩት ቀርቶ እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ። ሌላ ማንን ልመን?»

እናቴ ወንበሩን ወደ ኪቦርዱ አስጠጋችላትና «እንግዲያው አንቺው ጻፊው» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ በአንድ ጣቷ እየፈለገች፣ እናቴ ከጀርባዋ ቆማ እየነገረቻት መስመሩን ጻፉት። ሁለት ጭረት፣ አጣብቂው፣ ስፔስ እንዳትተዪ። ሙሉ። እንደገና ሁለት ጭረት። ጎላ። መሳቢያ ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ፎልደሩን ምን ብላ እንደምትሰይመው ጠየቀች፤ እናቴ የፈለግሽውን በዪው፣ ዕድሜው አጭር ነው አለቻት። አድራሻው ገባ፣ ኢንተር ተመታ፣ ገጹ ስክሪኑን ሞላው።

ያን ጊዜ ነው በመስኮቱ ያየሁት። ዋርሳዋ መንገዱን እየተሻገረ ነው፤ ወደኛ። ስለ መጋዘኑ መልስ ሊያይ ይሆናል። ወጥቼ ዝግ ነው ልበለው ብዬ አሰብኩ፤ የኔ ፊት ግን ምንም ነገር አይደብቅም፣ እናቴም ይህን ታውቃለች። በዐይኗ ተቀመጪ አለችኝ። ሰውየው በሩ ላይ አንገቱን አስገባ፤ የወንድሙን ሚስት ከጀርባዋ አየና «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን አለሽ?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ስክሪኑን ከበሩ አያየውም፤ አንድ እርምጃ ከገባ ግን ያየዋል።

እናቴ ወደ በሩ ዞረች። «እዚህ ቤት ባለጉዳይ ተራውን ውጭ ነው የሚጠብቀው» አለችው። «የእርስዎንም ጉዳይ ስጽፍ ማንም አልገባብዎትም። እዚያ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፣ እጠራዎታለሁ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሰውየው አየት አደረጋት። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ምናልባት የራሱን ካርታ ማንም እንዳላየበት አስታውሶ ይሆናል። አንገቱን መለሰና ተቀመጠ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

ልብስ ሰፊዋ ማረጋገጫው ላይ ደረሰች፣ በታብ። ኢንተር መታች። ገጹ ተለወጠ፤ መቀበሏ ተመዝግቧል፣ ቁልፉን ነገ ጠዋት በአካል ቀርባ ትውሰድ ይላል። ሁለቱም ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ብሮውዘሩን ዘጉት፣ መሳቢያውን ሰረዙት። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ፊቷን በመዳፏ ጠራረገችና ወጣች። አግዳሚው ጋ ስትደርስ ለዋርሳዋ እራት መቼ እንደሚደርስ ስትነግረው ሰማሁ፤ ድምፅዋ የሁልጊዜው ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀራት።

እናቴ ሰውየውን ጠራችው። ልብስ ሰፊዋ ከተነሳችበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናቴ መስመሯን እንደ አዲስ ጻፈች፣ ገጹ ተከፈተ፣ የቤት ቁጥር ጠየቀችው። ነገራት። እኔ ፎቶ ኮፒውን አጥፍቼ እጄን ክዳኑ ላይ ጭኜ ቆምኩ። እናቴ የመጀመሪያውን ቁጥር መታች፣ ሁለተኛውን መታች፣ እስከ መጨረሻው መታች። ከሳጥኑ ሥር ምንም ብቅ አላለም።

ሰውየው ስክሪኑን ትንሽ አየና ቅር አለው። «ሌላ ቦታ እኮ ቁጥሬን ገና ስጀምረው የቀረውን ራሱ ይሞላልኛል» አለ። «የእርስዎ ለምንድን ነው የማያውቀኝ? ባለፈው እዚሁ አልጻፍንም እንዴ?»

«እዚህ የሚቀመጥ ሁሉ አዲስ ሰው ነው» አለችው እናቴ። «ስምዎን ይንገሩኝ።»

እንዳልስቅ ወይም እንዳላለቅስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ የቱ እንደሚመጣብኝ አላወቅኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም። ሰውየው ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ነገራት፤ እሷም ዛሬ ገና እንዳየችው ሰው፣ አንድም ፊደል ሳትስት ጻፈችለት።